ግማሽ መርከብ

ፌካን፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1886

ትናንት የሰብአ ሰገል በዓል ነበር። የሟች ባለቤቴ የዜሊ ወንድም ኤሎዋ መጣ። ከሩቅ ምሥራቅ ከተመለሰ ብዙም አልቆየም። ለልጄ ለኤርማንስ ማራገቢያ፣ ለኔ ደግሞ ከዮኮሃማ የገዛውን የወረቀት ጥቅል ሰጠን። «እዚያ አገር ዕቃ ይጠቀልሉበታል፤ አንተ ሰዓሊ ነህና ትወደው ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ። ጥቅሉን ፈታሁ። ከዚያ በኋላ የበዓሉን ኬክ ማን እንደቆረሰ፣ ውስጡ የተደበቀችው የዕድል ባቄላ ለማን እንደደረሰች አላውቅም።

በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ስዕሎች ናቸው። ቀለማቸው ወጥ ነው፤ ጥላ የሚባል ነገር የላቸውም። አንዱ ላይ ዝናብ አለ፤ ዝናቡ መስመር ብቻ ነው፣ ግን ያረጥባል። ከሁሉ ዓይኔን የያዘው ጀልባው ነው። የኋላው ክፍል አለ፣ ቀዛፊው አለ፣ የፊቱ ክፍል ግን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ወረቀቱ አልቋል፣ ጀልባው ግን ይሄዳል።

ዕድሜዬን ሙሉ መርከብ ስስል ኖሬ አንዲት የምትሄድ መርከብ አልሳልኩም። ሁሉም ፎቶ አንሺ ፊት እንደቆመ ሙሽራ ድርቅ ብለው ቆመዋል።

ጃንዋሪ 11

ካፒቴን ማላንደን መጣ። ባለፈው መስከረም ሬን ብላንሽ የተባለች መርከቡ ከኒውፋውንድላንድ ዓሣ ጭና ስትመለስ ማዕበል ሊውጣት ደርሶ ነበር። መርከበኞቹ «እመቤታችን ሆይ፣ በሕይወት ካገባሽን በቤትሽ ግድግዳ ላይ ስዕል እንሰቅላለን» ብለው ተሳሉ። አንድም ሰው ሳይጎድል ገቡ። እንግዲህ ፌብሩዋሪ 21፣ እሁድ፣ በባዶ እግራቸው ስዕሉን ተሸክመው ገደሉ አናት ላይ ወዳለው ቤተ ጸሎት ይወጣሉ። በማግስቱ መርከቧ ትነሳለች። ስለቱ ሳይገባ ግን ካፒቴኑ ቢለምን ቢያስፈራራ አንዱም እግሩን እላይዋ አያሳርፍም። ስዕሉ ካልደረሰ የዓመቱ እንጀራቸው ቀረ ማለት ነው።

«ገመዶቹን አደራ፣ አባባ ቫስ» አለኝ። «ለአጎቴ የሳልከው ላይ አንድ ትርፍ ገመድ አስገብተህ እስከ ዛሬ ይስቁብናል።»

«አጎትህ ነው ጨምርበት ያለኝ።»

«አጎቴማ ሰክሮ ነበር።»

ሥራው የታወቀ ነው። መርከቧ መሃል ላይ በጎኗ ትቆማለች። ባሕሩ እንደ ተበጠረ ሱፍ። ላይኛው ጥግ ላይ ደመና፣ ደመናው ውስጥ እመቤታችን። ከታች የሰዎቹ ስም። ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ነገር ነው።

ዛሬ ግን አልጀመርኩም።

ጃንዋሪ 15

ሳንቃውን ቀባሁ። ፋቅሁ። እንደገና ቀባሁ። መርከቧ መሃል ላይ ስትቆም አስጠላችኝ። ኤርማንስ ምሳ ብላ ሦስቴ ጠራችኝ አሉ፤ አልሰማሁም።

ጃንዋሪ 19

ጠዋት ከወደቡ ግንብ ጫፍ ድረስ ሄጄ ማዕበል ሳይ ዋልኩ። እንደ ሱፍ አይደለም። እንደ ሱፍ ሆኖም አያውቅም። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ምን ሳይ ኖርኩ?

ስመለስ ከቄሳችን ከአባ ፊኬ ጋር ተገናኘን።

«ቫስ፣ ወደ ቤተ ጸሎቱ ውጣና ስዕሉ የሚሰቀልበትን ቦታ እንምረጥ። ግድግዳው ሊሞላ ነው።»

«ጉልበቴ አባ። ዳገቱን አይችለውም።»

«እስከ ግንቡ ጫፍ ይችላል?»

«እሱ ሜዳ ነው።»

ባርኔጣቸውን በነፋሱ እንደያዙ አዩኝ። «ኤርማንስ ለእናቷ ሻማ ልታበራ ቅዳሜ ቅዳሜ አትቀርም» አሉ።

ልጅ ናት፤ ጉልበቷ ጤነኛ ነው።

ጃንዋሪ 24፣ እሁድ ማታ

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ሳላቆም አወጣሁት። በቀኝ በኩል የመርከቧ የኋላ ክፍል፣ መሪው፣ የተንበረከኩት ሰዎች። ወደ ግራ እየሄደች ክፈፉ ጠርዝ ላይ ትቆረጣለች፤ አፍንጫዋ አይታይም። ከፊት ለፊቱ አንድ ትልቅ ማዕበል፣ በጥቁር መስመር የተከበበ፣ አንድ ሰማያዊ ብቻ። ሰማዩ ባዶ።

ባዶ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ዜሊ በሕይወት ሳለች ለእመቤታችን ፊት የምትቀመጥልኝ እሷ ነበረች። ገና ሙሽራ ሳለች ጀምራ እስከ መጨረሻው። በዚያ ቤተ ጸሎት ግድግዳ ላይ ከየደመናው ጎንበስ የምትለው ሁሉ እሷ ናት። ጃፓኖቹ ግን ሰማዩን ይተዉታል፤ ባዶው ራሱ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ነው። የሙያ ጉዳይ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም። ይህን ለማን እንደምጽፍ አላውቅም፤ የጠየቀኝ ሰው የለም።

መቁጠሪያዬን ይዤ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ስለ ሰማያዊው ቀለም ሳስብ ራሴን አገኘሁት። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፤ እንደገና ከመጀመሪያው።

ጃንዋሪ 29

ቀለሙ አልተኛ አለኝ። የነሱ እንደ ረጋ ውሃ ዝም ይላል፣ የኔ ዘይት የብሩሹን ጭረት ሁሉ ይዞ ይደርቃል። በጨርቅ ሞከርኩ። በመዳፌም ሞከርኩ። ሁሉም እምቢ አለ። ኤርማንስ ከበሩ ላይ ቆማ ማዕበሉን አየችው።

«ይበርዳል፣ አባዬ» አለች። ሻርፗን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ደስታ ይህቺ ብቻ ናት።

ቀጥላም «እማዬስ?» አለች። ሾርባው እንዳያርርባት ነገርኳት።

ፌብሩዋሪ 2፣ የሻማ በዓል

ካፒቴኑ ከነመርከበኞቹ ገመድ ሊቆጥር መጣ። ኤርማንስ የበዓሉን ስስ ቂጣ በቅቤ እየገለበጠች ነበር፤ ሁሉም እጃቸው ላይ ቂጣ ይዘው ስዕሉ ፊት ቆሙ። ማኘካቸውን ተዉ።

«የቀረው የመርከቤ ግማሽስ?» አለ ማላንደን።

«ከክፈፉ ውጭ ናት። እየሄደች እኮ ነው፣ ካፒቴን።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

«ከክፈፉ ውጭ ያለውን ማን ያውቀዋል? እኔ መርከቤን ሙሉ ይዤ ነው የገባሁት። እመቤታችን ግማሿን ብቻ ነው ያዳነችው ልትለኝ ነው?»

«ግማሹን ስለት ዘንድሮ እናግባው» አለ አንዱ ከኋላ፣ «ግማሹን ለከርሞ።»

የጃፓኑን ጀልባ አመጣሁ። እዩት፣ ተቆርጧል፣ ግን አልሰመጠም፣ እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ነው የሚሄደው፣ የነዚህ ሰዎች ድፍረት ይህ ነው አልኩ። ብዙ ተናገርኩ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

ካፒቴኑ ወረቀቱን በቅቤያም ጣቱ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ጎንበስ ብሎ አየ። «ጥሩ ነው» አለ። «ግን ይህ ሰውዬ ስለት የለበትም።» ከዚያ ጣቱን ወደ ሰማዩ ቀሰረ። «እመቤታችንስ የት አለች?»

«ሰማዩ የሷ ነው።»

«እዚያ ሰማይ ላይ ወፍ እንኳ የለም፣ አባባ ቫስ።»

ሙሉ መርከብ፣ ሙሉ እመቤታችን፤ ካልሆነ ሌላ ሰዓሊ ከሩዋን አስመጣለሁ ብሎ ወጣ። ቂጣው ተረፈ።

ፌብሩዋሪ 3

ዛሬ ደግሞ ሲዶኒ መጣች፤ የፕሮስፔር ሚስት፣ ገበያ ላይ ዓሣ የምትሸጠው። ቅርጫቷን በር ላይ አስቀምጣ ሳይፈቀድላት ገባች።

«ባሌን አሳየኝ» አለች።

«ስሙ ከታች ይጻፋል።»

«ስሙን ምን አደርገዋለሁ? ማንበብ አልችል። ሰውዬውን ነው ያልኩህ።»

«ማዕበሉ ሲመታ የት ነበር?»

«አፍንጫዋ ላይ። ሸራ ሊጠቀልል ወጥቶ መመለሻ አጥቶ ገመድ አቅፎ። ሌሎቹ እዚህ ኋላ ተንበርክከው ሲሳሉ እሱ እዚያ ብቻውን ነው የተሳለው።»

የተቆረጠውን ጠርዝ አሳየኋት። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ነው ያለው አልኳት።

እጇን ከስዕሉ ቀጥሎ ባለው ላይ አሳረፈች። ዳበሰችው። «ግድግዳ ነው» አለች።

ቅርጫቷን አንስታ ወጣች። የዓሣው ሽታ እስከ ማታ አልወጣም።

ፌብሩዋሪ 6

ደንቆሮዎች ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት። ደንቆሮዎች አይደሉም።

መርከቧን ሙሉ ላስገባት ሞከርኩ። አሳነስኳት። ወዲያው ቆመች። ማዕበሉም የሳህን ውሃ ሆነ። ፋቅሁት።

ለአባ ፊኬ ተናዘዝኩ። ስለቱ የነሱ ነው፣ ኩራቱ ግን የኔ ሆኗል አልኳቸው። «ሌላስ?» አሉኝ። ሌላ የለም አልኩ። ረጅም ጊዜ ጠበቁኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንድ ሰው ያስል ነበር። ሌላ የለም አልኩ እንደገና።

ፌብሩዋሪ 9

ይህን እየሳቅሁ ልጽፈው ይገባ ነበር።

ስለ ካፒቴኑ ላማርር ኤሎዋ ቤት ሄድኩ። በተከራያት ክፍል ውስጥ የባሕር ሳጥኑን ከፍቶ ካልሲ እየፈለገ ነበር። የሳጥኑ ክዳን በውስጥ በኩል ስዕል ተለጥፎበታል። አየሁት። ያው ውሃ ነው። ያው ሰማይ፣ ያው አረንጓዴ የወንዝ ዳር። መሃል ላይ ደግሞ የጀልባ የፊት ክፍል፤ ላዩ ላይ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች ተቀምጠዋል። ከአጠገቡ ሌላ ወረቀት፣ ላዩ ላይ ድልድይ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ሦስት ናቸው እኮ። ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ ሲገጥሙ አንድ ስዕል ይሆናሉ። ሴቶቹን ስለወደድኳቸው እኔ ጋ አስቀረኋቸው። ድልድዩም ለክዳኑ ልክ ሆነ። ላንተ ቀዛፊው ይበቃሃል ብዬ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ። ሰው ግማሽ ጀልባ ይስላል ብለህ ነው?»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ወር ሙሉ የጃፓኖች ድፍረት እያልኩ ለመርከበኞች የሰበክሁት ይህ የሚስቴ ወንድም የሴት ስዕል ስለሚወድ ነው። ኤሎዋ የፖም አረቄ ቀዳልኝ። «ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ፣ ሰው የሞተብህ ትመስላለህ» አለ፤ ወዲያው የተናገረው ቆጨው መሰለኝ፣ ካልሲውን መፈለግ ጀመረ።

ፌብሩዋሪ 10

አልተኛሁም። ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ጎደሎ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ቢሆንም ጀልባው ይሄዳል። ያየሁት ውሸት ከነበረ እንዴት ይሄዳል? እውነት ከነበረስ እንዴት ከስህተት መጣ? ይህን የሚመልስልኝ ትምህርት የለኝም። ያለኝ ሳንቃና ዘይት ነው፣ ጊዜውም እያለቀ ነው።

አንድ ነገር ግን ገባኝ። እነሱ ማንንም አልጣሉም። ወረቀቱ ሲያልቅባቸው ሌላ ወረቀት ቀጠሉ።

ፌብሩዋሪ 12

ሁለተኛ ሳንቃ። እኩል ቁመት፣ ከግራ በኩል የሚገጥም። የመርከቧ አፍንጫ እዚህኛው ላይ ይቀጥላል። ማላንደን አየና ከንፈሩን ነከሰ፣ «ሁለት ተሸካሚ ቡድን ልመድብ ነው ማለት ነው» አለ። ከሩዋን ሰው ማምጣቱን አላነሳም።

ፕሮስፔርን አስቀመጥኩት። አይቀመጥም። ባሕር ላይ ገመድ አቅፎ ያደረ ሰው ወንበር ላይ አንድ አፍታ መርጋት አቃተው። ሲዶኒ ከትከሻዬ ኋላ ሆና፦

«ትከሻው ሰፋ ይበል።»

«ያለው ይህ ነው።»

«ያን ቀን ሰፋ ብሎ ነበር።»

አሰፋሁት። ትክክል ነበረች መሰለኝ።

ፌብሩዋሪ 15

ሁሉም ገብተዋል። ገመዱም ልክ ነው። ቀለሙ አሁንም እንደነሱ አይረጋም፤ ተውኩት፣ የኛ ባሕር ይሁን።

የቀረው ሰማዩ ነው። ካፒቴኑ ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያለሷ አይሸከሙትም፤ እኔም አላስገድዳቸውም» አለኝ። ኤርማንስን አስቀመጥኳት። ቀኑን ሙሉ ደከምኩ። ዓይኗ የኔ ነው፣ አገጯ የእናቴ። ተቆጣኋት፤ አቀማመጥሽ ነው አልኳት። ልጅቷ ምን አጠፋች? እንባዋን በማራገቢያው ከለለችው። ፋቅሁት።

በልቤ ልሳለው ብዬ ተነሳሁ። ዜሊ ፀጉሯን በየትኛው በኩል ትከፍለው ነበር? በግራ። አይደለም። ብሩሹን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዘመን ስስላት ኖሬ ይህ ጠፋኝ።

ፌብሩዋሪ 17

ወጣሁ። ጉልበቴ ምንም አልሆነም።

ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ነፋሱ በሩን ከኋላዬ ዘጋው። ከመስኮቱ በታች ካለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳልኩት ጀመርኩ። እዚያ ጉንጯ ሞላ ያለ ነው። ወደ መሠዊያው ስሄድ እያደገች ትመጣለች፤ ኤርማንስን ያረገዘችበት ክረምት አለ፣ ያመማት ዓመት አለ። ፀጉሯን በግራ ነው የምትከፍለው።

ሁሉም ላይ ወደ አንድ ወገን ታያለች፣ ወደ ታች፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ። ሰዎች ለመርከበኞቹ ማዘኗ ነው ይላሉ። አንዲት ባልቴት እዚህ ፊት ስታለቅስ አይቻለሁ። እኔ ግን የማስቀምጣት ምድጃው አጠገብ ነበር። ሾርባውን ነው የምታየው። እንዳይገነፍል። ወደኔ የምታይበት አንድም የለም፤ እኔው ነኝ ወደኔ አትዪ ያልኳት፣ ያስቀኛል ብዬ።

ሻማ አበራሁ። ሰላም ለኪ ብቻ አልኩ፣ እሱንም ግማሽ ላይ አቆምኩ።

ፌብሩዋሪ 19

ሠራሁት። ሁለተኛው ሳንቃ ላይ፣ ግራ ጫፍ፣ ከመርከቧ አፍንጫ ፊት። ደመና የለም። ነጠላዋ፣ አንድ ትከሻዋ፣ አንድ እጇ፣ የፊቷ ግማሽ፣ በግራ የተከፈለው ፀጉር። ፊቷን ወደ ሰዎቹ ዞር አድርጋለች። የቀረው አካሏ ከክፈፉ ውጭ ነው። ሙሉ አድርጌ ጀምሬ ነበር፤ እጄ እዚህ አደረሰኝ።

ካፒቴኑ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሌላ ማድረግ አልቻልኩም። ብችል አደርገው ነበር።

ፌብሩዋሪ 21፣ እሁድ

ጠዋት ደጃፌ ላይ ተሰበሰቡ። ሁሉም በሸሚዝ፣ በባዶ እግር፤ ድንጋዩ ላይ ውርጭ ነበር፣ እግራቸውን ያፈራርቁ ነበር። ሁለቱን ሳንቃዎች አውጥቼ አጋጠምኳቸው።

ከዚያ ያ ቀልደኛው «አሁን ደግሞ እመቤታችንን ቆረጣት» አለ። ማንም አልሳቀም።

ማላንደን ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። «አባባ ቫስ፣ ምን ባደርግህ ይሻላል? ነገ ጠዋት ውሃው ሲሞላ መነሳት አለብኝ። እነዚህ ሰዎች ይህን አይተው...»

አባ ፊኬም ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

ሲዶኒ ግን ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች ፊት ወጥታ ነበር። በጣቷ ከመሪው ጀምራ አንድ በአንድ መርከበኞቹን አለፈች። የመርከቧ አፍንጫ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ፕሮስፔር ነው፣ ከነሰፊ ትከሻው። ጣቷን ከዚያ ሳታነሳ ቀና ብላ በስተግራ ያለችውን አየቻት። ብዙ አየቻት።

«ምን ትነጫነጫላችሁ?» አለች። «እየመጣች ነው እኮ። ገና መግባቷ ነው፤ አይታችሁ ዝም አትሉም?»

ፕሮስፔር ጠጋ ብሎ አየ። «መጀመሪያ የምታገኘው እኔን ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

ካፒቴኑ ኮፍያውን አወለቀ። «እየመጣች ከሆነ ይሁን» አለ። «አንሱ።»

እየዘመሩ ዳገቱን ወጡ፣ ሁለቱን ሳንቃ ጎን ለጎን ይዘው፣ መገጣጠሚያው እንዳይከፈት እየተጠነቀቁ። አባ ፊኬ ባረኩት። ከመሠዊያው በስተግራ፣ ወደ ባሕሩ በሚያየው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ነገ ይነሳሉ።

ከኤርማንስ ጋር ከኋላ እየተከተልኩ ነበር የወጣሁት። ክንዴን ይዛ ነበር። የተሸካሚዎቹ እርምጃ ባልተስተካከለ ቁጥር ስዕሉ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ከሰዎቹ ትከሻ በላይ እሷ አንዴ ትታያለች አንዴ ትጠፋለች። ኤርማንስ «ሲዶኒ እውነቷን ነው፣ አባዬ፤ እየመጣች ነው» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

እኔ ስስላት ግን እየሄደች ነበር።